እስስቷና የእናቴ ግቢ

እናቴ ባየቻት ቁጥር «በኢየሱስ ስም!» እያለች ትሸሽ ነበር። እኔን ግን እንደ እስስቷ የሚያስደንቀኝ ፍጥረት አልነበረም።

ያገኘኋት ቀይ አፈር ከተማ ነው፣ ወደ ጂንካ ስመለስ። ሚኒባሳችን ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ አስፋልቱን እየተወዛወዘች ስትሻገር አየኋት፤ ከወዲያ አይሱዙ እየበረረ ይመጣል። ዘልዬ ወርጄ በሻርፔ ጠቅልዬ ይዣት ስገባ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ወደ ፊት ተጨናነቁ። እስከ ጂንካ ድረስ የኋላው ወንበር ላይ ለብቻዬ ተንፈላስሼ መጣሁ።

ግቢያችን ያለው ዘይቱን ላይ አኖርኳት። ከቢሮ ስመለስ ፌንጣ ይዤላት እገባለሁ። አንዱ ዓይኗ እኔን፣ ሌላው ፌንጣውን ያያል። አትቸኩልም፤ የቸኮለ አፍሶ እንደሚለቅም የነገራት ሰው ያለ ይመስላል። ከዚያ ምላሷ ተወንጭፎ ይመለሳል፣ ፌንጣው የለም። በትንሽ ነገር ቱግ የምለው እኔ፣ እሷ ዘንድ ስቀመጥ ልቤ ይረጋል። ወደድኳት፣ ምን ልበል።

አንድ ሰሞን መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ፤ ከዛፉ እየወረደች መሬቱን ትጭራለች። ዶሮዎቹ እንዳይለክፏት ብዬ መልሼ አወጣታለሁ፤ ተመልሳ ትወርዳለች። የእናቴ ግቢ ደግሞ የሰፈሩ መመኪያ ነው። ጠዋት ማታ ውሃ እየተረጨ ይጠረጋል፣ በዓል ሲደርስ በእበት ይለቀለቃል፤ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። እስስቷ ጫር ጫር አድርጋ ትተወዋለች። ቀለሟ ጠቆረ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ልትሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታያት ቆየች።

«ይቺ አልታመመችም» አለችኝ። «ምጥ ይዟት ነው። ስድስት ልጅ ወልጄ ይሄ ይጠፋኛል? መውለጃ ነው ያጣችው።»

ዶማ አመጣችና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርገው የኖረችውን መሬት ከዘይቱኑ ሥር ቆፈረችው። ጓሉን በእጇ አደቀቀች፣ ውሃ አርከፈከፈችበት። እስስቷን ግን አልነካችም። «አንቺው አስቀምጫት» ብላኝ፣ ዶሮዎቹን ልትጠብቅ ዱላ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

እስስቷ መቆፈር ጀመረች። ያቺ ለመራመድ እንኳ የምታመነታ እንስሳ፣ ሳታርፍ ቆፍራ ቆፍራ መላ አካሏ አፈር ውስጥ ገባ። አመሻሹ ላይ እንቁላሎቿን ጥላ ጨረሰች፤ ጉድጓዱን በእግሯ መልሳ ደፈነችው፣ ረገጥ ረገጥም አደረገችው። ከዚያ ሆዷ ተጣብቆ፣ አቧራ ለብሳ፣ የዘይቱኑን ግንድ ይዛ ቀረች። መውጣት አቃታት።

ላነሣት ስነሣ እናቴ ቀደመችኝ። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ታቅፋ ቅርንጫፏ ላይ አስቀመጠቻት፤ ጣቷን ውሃ ነክራ ቅጠሉ ላይ አንጠባጠበችላት። እስስቷ ጠጣች።

«እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» አለቻት።