የአማቴ የአንሴልሞ የመጨረሻ ቱቦ

አማቴ አንሴልሞ ዛንኬታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርጭቆ በእሳት አቅልጠው፣ በአፋቸው ነፍተው፣ በብራዚል ለሳኦ ካርሎስ ከተማ ቤተ ሙከራዎች ቱቦ ሲሠሩ ኖሩ። በከተማችን ፊዚክስ የማያስተምር ሰው ካለ፣ ለሚያስተምር ሰው ቤት የሚያከራይ ነው፤ እሳቸው ግን ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። ልጃቸውን ለጋብቻ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ስለ ሥራዬ ምንም አላሉኝም። "እጅህ ይንቀጠቀጣል?" ብቻ አሉኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ወደ እሳቱ ግን አላስጠጉኝም። አልተቀየምኳቸውም። ሥራውን እንዲህ የሚያከብር ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መጣ። ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አላቸው። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኑ። የልጃቸውን ፊት እንኳ አንዴ አፍንጫዋን፣ አንዴ አገጯን እያሉ ነበር የሚሰበስቡት። እንግዲህ ብርጭቆ ነፊ ባዶ ቱቦ ያስረክባል፤ ጋዝ ሞልቶ የሚያበራው ሌላ ነው። ስንቱን የሌዘር ቱቦ ሠርተው አንዱንም ሲበራ አላዩም። "ሳልታወር አንዷን ልይ" አሉ።

በዳሰሳ ጭምር የመጨረሻዋን ነፉ። የፊዚክስ መምህርቷ ሚስቴ ጃንዲራ ሂሊየምና ኒዮን ሞላችባት፣ በሁለቱ ጫፎችም መስታወት ገጠመች። ቅዳሜ ሩዝና ባቄላችንን በልተን ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣን።

"ቆዪ፣ መጀመሪያ አስረጂኝ" አሉ አማቴ።

"ኤሌክትሪኩ ሂሊየሙን ይቀሰቅሰዋል፣ ሂሊየሙ ጉልበቱን ለኒዮኑ ያቀብላል። የተቀሰቀሰ ኒዮን ትንሽ ይቆያል፣ አባዬ። በዚያ መሐል ልክ የሱ ዓይነት ብርሃን በአጠገቡ ካለፈ፣ እሱም የራሱን ይለቃል። ቀለሙ ያው፣ አቅጣጫው ያው፣ እርምጃው እንኳ አንድ።"

"አንዱ ሁለት ሆነ በይኛ።"

"ሁለቱ አራት። መስታወቶቹ ወዲያና ወዲህ ይመላልሱታል፣ እየበዛ ይሄዳል። አንደኛው መስታወት ጥቂት ያሳልፋል፤ የምትወጣዋ ናት ሌዘር።"

"ያልተቀሰቀሱትስ?"

"እነሱ ከበዙ ያለፈውን ብርሃን ይውጡታል። የተነሱት መብለጥ አለባቸው።"

"እንደ ሰኔው በዓል ጭፈራ ነዋ። የተቀመጠው ከበዛ ጨዋታው ይሞታል" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "እንደ አንተ ያለው ከበዛ ማለቴ ነው።"

ጃንዲራ አበራችው። ቱቦው ውስጥ ሮዝ ፍካት ተዘረጋ። አማቴ አንገታቸውን አስግገው ፈለጉት።

"ደብዛዛ ነው። ጨምሪ።"

ጨመረች።

"አሁንም ጨምሪ፣ ልጄ።"

ኤሌክትሪኩን ሲያበዙ ተማሪዎቿን ስትቆጣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ግን ዓይኑ እያለቀ ያለ አባት "ጨምሪ" ሲል አንጀቷ እምቢ ማለት አልቻለም፤ አሁንም ጨመረች። ቱቦው ቦግ አለ። ግድግዳው ላይ ግን ምንም የለም።

"ወጣ?" አሉ።

እንዳልወጣ ከሁኔታችን ገባቸው መሰለኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ብርጭቆው ነው። በደንብ ሳላይ ነፋሁት፤ አበላሸሁት" አሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዬ ተበላሸ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ቱቦህ ምንም አልሆነም፣ አባዬ" አለች ጃንዲራ። "ያበዛሁት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ያነሳውን ሂሊየም ራሱ መልሶ ይጥለዋል።" ቀስ አድርጋ ቀነሰች። ፍካቱ ደበዘዘ።

"አጠፋሽው?"

"አላጠፋሁም። ቱቦውን ተወውና ግድግዳውን እይ።"

ራሳቸውን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩ፣ አለፉት፣ ተመለሱበት። ሌዘር እንደ አምፖል ወደየአቅጣጫው አይበተንም፤ ሁሉም አንድ መንገድ ስለሚሄድ ግድግዳው ላይ ያረፈው የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበር። አማቴ ራሳቸውን ማዞር አቆሙ።

"ትታይሃለች?" አለች ጃንዲራ።

"ሙሉዋን" አሉ። "በአንድ ጊዜ ሙሉዋን ነው የማያት።"