ሳይክሌን ያቀለልኩባቸው ሁለት ዓመታት

ሳይክሉ መጀመሪያ የተመዘነው በአሳ ሚዛን ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተንጠልጥሎ የሚመዘንበት ሌላ ቦታ ስላላወቅሁ፣ አንድ ቀን ማለዳ አሳ ወደሚረከቡበት ዳስ ይዤው ወረድኩ። ሚዛኑ ከአግዳሚ እንጨት ላይ የተሰቀለ፣ ከሥሩ መንጠቆ ያለው ነው። ሁለት አሳ አስጋሪዎች አግዘውኝ በኮርቻው በኩል ሰቀልነው።

"አሥራ ዘጠኝ ተኩል" አለ መዛኙ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ "ይኼ አሳ አጥንት ብቻ ነው፤ ማን ይገዛዋል?"

"መጀመሪያ ሆድቃውን አውጡለት እንጂ!" አለ አንዱ ከጀልባው ላይ ሆኖ።

ሳቁብኝ። እኔም እየሳቅሁ ቁጥሩን በደብተሬ ጻፍኩ። ሰውየው በቀልድ ቢናገረውም ያሰብኩት ይኸንኑ ነበር።

ሳይክሉ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው የተራራ ሳይክል ነው። ይኸን ለማያውቅ ላስረዳ። ተራ ሳይክል አካሉ አንድ ወጥ ነው። የእኔው ግን የኋላው ጎማ የታሰረበት ክፍል ከፊተኛው ጋር እንደ በር በማጠፊያ ተያይዞ፣ በመሐላቸው የወፈረ ጥቅል ሞላ አለ። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ሞላው ይጨመቅና ወገብን ያሳርፋል። ለቁልቁለት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ዳገት ላይ ግን ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ሞላው አብሮ ስለሚወርድ፣ ወደ ጎማው መሄድ ያለበት ጉልበት ከፊሉ እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ የድሮ ሥሪት ስለሆነ ከመሪው እስከ ቸርኬው ብረት ነው። ከደሴ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁት በመምህርነት በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ በየሻይ ቤቱ ስለሚሆነው አዲስ ነገር በሚከራከርበት ሰሞን ነበር።

የእኔ አዲስ ነገር አምባሰል ተራራ ላይ ነበረች። ደሴ ኮሌጅ አብረን ተምረን፣ እኔ ሐይቅ ሳይንስ አስተማሪ ስሆን እሷ ወላጆቿ መንደር ካለው ትምህርት ቤት ተመደበች። የምትኖረውም ከእናት ከአባቷ ጋር ነው። መንደሩ ከአስፋልቱ ወደ ግራ ተገንጥለው በጠጠር መንገድ የሚወጡበት፣ ከገበያ ቀን በቀር መኪና የማይደርስበት ነው። ገበያው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ አስተምራለሁ።

በአገራችን ሽማግሌ ያልላከ ወንድ ከልጅቷ ቤት አያድርም። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከበራል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ይሸኛል። እኔ በይፋ የምሄደው ጠመኔና የማጣቀሻ መጽሐፍ ላደርስ ነበር። ማንም አልተታለለም። አባቷ ጠመኔውን ሲቀበሉኝ፣ "ይኼ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይበላል መሰለኝ" ይሉኝ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ የስሌት ነበር። ቅዳሜ እስከ አራት ሰዓት ተማሪዎች አስጠናለሁ። መጀመሪያ በወጣሁበት ቀን፣ ግማሹን እየገፋሁ፣ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የደረስኩት ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሳይመሽ ሐይቅ ለመግባት ደግሞ ከአሥር ሰዓት በፊት መነሳት አለብኝ። ከቀረችኝ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ምሳ፣ እጅ መታጠብ፣ አባቷ ስለ አገሩ ሁኔታ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይቀነሳል። እኔና እሷ ብቻችንን የምንሆነው እስከ መንገዱ ኩርባ ስትሸኘኝ ነው። በሰዓቴ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሰኞ ዕለት ሳይክሉን ባጃጅ ተራው አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድኩት። ጠና ያሉ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ ጎማ የለጠፉ ሰው ናቸው።

"ምን ልጨምርልህ?" አሉኝ።

"ይቀንሱልኝ ጋሼ። መጫኛው፣ ፓራፋንጎው፣ ማቆሚያው፣ የካቴናው መሸፈኛ፣ ደወሉ ይውጣ።"

ቁልፋቸውን አስቀመጡ። "ወላሂ፣ ሰው መስታወት ጨምርልኝ፣ አበባ ጨምርልኝ፣ ጡሩንባ ጨምርልኝ ሲል ነው የማውቀው። አንተ መምህር፣ ሳይክል ነው የምትነዳው ወይስ ልታርደው ነው?"

"ዳገት አለብኝ።"

"የት ድረስ?"

ነገርኳቸው። አልሳቁም። ጎንበስ ብለው መጫኛውን መፍታት ጀመሩና፣ "ስሟን አልጠይቅህም፤ አብሽር" አሉኝ።

የዚያን ዕለት ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው እየከበደ ሄደ፤ የሚነቀለው ካለቀ መተካት ነው ያለው። የብረቱን መሪ በአሉሚኒየም፣ የኮርቻውንም ዘንግ እንዲሁ ቀየርን። የፊት ጥርሶቹ ሦስት ነበሩ፤ ትንሹን ብቻ አስቀርተን ሁለቱን ከነማርሽ መቀየሪያቸው አወጣን። በክረምቱ ማለቂያ የኋላው ሞላ ተራ ደረሰ። ጠጋኙ ሞላውን አውጥተው፣ እኔ በማስመሪያ የለካሁትን ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ በቦታው አሰሩበት። ሳይክሉ የኋላ ሞላ የነበረው ሆነ። ዳገቱ ላይ የረገጥኩት ሁሉ ወደ ጎማው መሄድ ጀመረ፤ ስወርድ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ወገቤን ያገኘዋል። መውረዱን ድሮም አልወደውም ነበር።

ደብተሬ ውስጥ ሁለት ረድፍ አሰመርኩ፤ በአንዱ ኪሎ፣ በሌላው የወጣሁበት ጊዜ። አሥራ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ላይ ስደርስ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እግሬም ለምዶ ነበር፤ ምን ያህሉ የእግሬ፣ ምን ያህሉ የብረቱ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ኩርባው ላይ የምንቆምበት ጊዜ ወደ ሃምሳ ደቂቃ አደገ። አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ተማሪዎቿ ትነግረኛለች። ስለ ማባዛት ሠንጠረዥ ስታወራ እጇ አየር ላይ ይጽፋል። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት፣ "ኮሌጅ ሳለን ጥርሴን ስትቆጥር አይቼሃለሁ" አለችኝ።

እናቷ ደግሞ ባዶ እጄን ሰደውኝ አያውቁም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አንዳንዴ በጠርሙስ ማር ከጀርባዬ ያስሩልኛል። አንድ ቀን በልጃቸው ፊት፣ "እናቴ፣ ይኸን ሳይክል አንድ ኪሎ ለማቅለል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል" ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ።

"እና?"

"እና ይኼ ባቄላ አምስት ኪሎ ይሆናል።"

"ቁልቁለት አይደል የምትሄደው?" አሉኝ። "ቁልቁለት ራሱ ይሸከመዋል።" ክብደት የሚጎዳው ሲወጣ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ሁለተኛው ዓመት ሲገባ እሷ ሳይክሉን በአንድ እጇ አነሳችው። ኩርባው ላይ ነን።

"ስንት ቀረህ?"

"ቸርኬዎቹ። ቸርኬ ላይ ያለ ክብደት ከሌላው ይለያል፤ ወደፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት፤ ስለዚህ ከጎማው አንድ ግራም መቀነስ…"

"አንተ።"

"አቤት።"

"ሽማግሌ እኮ በሳይክል አይመጣም።"

ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። እኔ የእቅዴን ቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ቸርኬው ይለወጣል፣ ሁለት ክፍል ቤት እከራያለሁ፣ አልጋና ጠረጴዛ ይገባል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። እስክጨርስ ሰማችኝ። "ደብተርህ ላይ ጽፈኸዋል?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "እንግዲያው ይሁን" አለች። ያን ጊዜ መስማማቷ መስሎኝ ነበር።

ለጠጋኙም ይኸንኑ ስነግራቸው ጎማ እየለጠፉ ነበር። "ሽማግሌ ነው የቸገረህ? እኔ አለሁ። የእስጢፋኖሱ ቄስ ጎረቤቴ ናቸው፤ እሳቸውን እይዛለሁ። አንድ ሙስሊም፣ አንድ ቄስ፤ ወሎ ውስጥ ይኸን መልሶ የሚሰድ አባት አይቼ አላውቅም። ለቅዳሜ እንነሳ?"

"የኋላው ቸርኬ ይምጣና ጋሼ።"

"ቸርኬው ነው የሚያገባው?"

የፊቱን ቀይረን ነበር፤ የኋላው ከደሴ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ቸርኬና ሽማግሌ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። አባቷ አይሆንም ሲሉኝ መስማት ፈርቼ ነበር። ዝግጅት ለእኔ መደበቂያዬ ነበር፤ የተሰመረና ቁጥር ያለው ስለሆነ ፍርሃት አይመስልም።

ጦርነቱ እስከዚያ ድረስ በሬዲዮ የምንሰማው የሰሜኑ ነገር ነበር። ከዚያ ከወልዲያ በኩል የሚሰደደው ሰው ወደ ከተማችን መግባት ጀመረ፤ ትምህርት ቤታችን መጠለያ ሆነ፤ ጥቁር ሰሌዳዬ ላይ የቤተሰብ ስምና የብርድ ልብስ ቁጥር ተጻፈ። ወደ አምባሰል የሚወጣው መንገድ ተዘጋ። የመጨረሻውን ስልክ የደወልኩላት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። "እንዳትመጣ" አለችኝ፤ "እንዳትመጣ፣ ሰማኸኝ?" መስመሩ ተቆረጠ።

የእኛም ተራ ሲደርስ እናቴን ይዤ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ተሰደድኩ። እናቴ መራመድ ሲያቅታት ኮርቻው ላይ አስቀምጬ እየደገፍኩ ገፋኋት። ቀላል ስለነበር በሰው መሐል ለማሳለፍ አላስቸገረኝም። በመንገዱ ሁሉ አንገቴን አዙሬ ወደ ተራራው አየሁ። መሄድ እችል ነበር ወይ ብዬ ዛሬም እጠይቃለሁ። አንዲት እናት አለችኝ፤ ሁለት ቦታ መሆን አይቻልም።

በስደት ላይ ሳለን ስልኳን በየቀኑ ሞከርኩ። ወደ ቤታችን ከተመለስን ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጠራ፤ አነሳችው። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ እናት ስለ አባቷ ጠየቅኋት። መንደሩ ሲከፋ ቤተሰቡ ሸዋ አጎቷ ዘንድ ሄዶ ነበር። ወላጆቿ ተመልሰዋል። እሷ እዚያው ቀርታለች።

"አገባሁ" አለችኝ። ከዚያ፣ እንዳላቋርጣት ይመስል ፈጠን ብላ፣ "ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ፣ 'የምትጠብቂው ሰው አለ ወይ' ብሎ ጠይቆኛል። ምን ልበለው? አለ ብለው፣ ማንን ልኮ ይለኛል። የላክኸው ሰው የለም።"

"የለም" አልኩ።

"ደህና ሰው ነው" አለች።

የኋላው ቸርኬ ጠጋኙ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ከዝርፊያው ሊያተርፉት ከኮርኒስ በላይ ደብቀውት አገኘሁ። ምንም ሳይጠይቁኝ ገጠሙልኝ። አሥራ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ሆነ። እዚህ ላድርሰው ብዬ ደብተሬ መጨረሻ ላይ ጽፌው የነበረ ቁጥር ነው። ቅዳሜ ተማሪዎቼን ካስጠናሁ በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ለራሴ እንኳን ሳላስረዳ፣ ወደ አምባሰል ወጣሁ። አልገፋሁም፤ አንድ ጊዜ ውሃ ለመጠጣት ብቻ ቆምኩ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መንደሩ ገባሁ።

አባቷ ከእህል ጎተራው በር ላይ የተሰበረ ሳንቃ ይጠግኑ ነበር። ሳሙኝ፤ አለቀሱ፤ እኔም። እናቷ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። ስለ ሞተ፣ ስለ ተረፈ፣ ስለ ተዘረፈ ተነጋገርን። ስሟን ማንም አላነሳም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደ ልማዴ ሰዓቴን አየሁና ተነሳሁ።

"ወዴት ነው?" አሉ አባቷ።

"ሳይመሽብኝ ልውረድ።"

"ዛሬማ ታድራለህ። አሁን የሚያስነሳህ ነገር የለም።" ክፋት አልነበረበትም። እንደ ማንኛውም ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ፣ እንደ ዘመድ ነው የተናገሩት። እናቷ ወዲያው አጎዛ ሊያራግፉ ወጡ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለጥቂት ደቂቃ ብዬ ብረት ስቆርጥ፣ በዚህ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ቆይ የሚለኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እምቢ ማለት ፈለግሁ። ግን አባቷ ሳይክሌን በአንድ እጃቸው አንስተው ወደ ግቢ እያስገቡት ነበር። ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ቸርኬውን በጣታቸው አሽከረከሩት።

"ይኼ ነገር ምነው እንዲህ ቀለለ?" አሉኝ። "በፊት እንዲህ አልነበረም።"

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ መጫኛው፣ ስለ ሞላው፣ የጎማ ክብደት ከሌላው ለምን እንደሚለይ። ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። ፀሐይዋ ከገብሱ ማሳ ላይ ወርዳ ስታልቅ እኔ ገና ሞላው ላይ ነበርኩ።