የእንሴኖዋ እናት መልስ

ከስፔን የመጣው ደብዳቤ የደረሰኝ ደክሞኝ ሳለ ነው። ደግሞስ መቼ ሳይደክመኝ አውቃለሁ! ቡታጅራ ላይ ስንት የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብሎ የማነጋግረው እኔ ብቻ ነኝ። የጻፈችልኝ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። የምታክማት ወጣት በስድስት ዓመቷ ከእንሴኖ በጉዲፈቻ የሄደች ናት። አሁን ምግብ እምቢ ብላለች፤ «እናቴ ስለጠላችኝ ነው የሰጠችኝ» ትላለች። እናቷን አነጋግሪልኝ፣ ልጅቷ ራሷ እንድታነበው መልሱ በስፓኒሽ ይሁን ይላል ደብዳቤው።

እንሴኖ ሄጄ እናትየዋን አነጋግሬ፣ በእንግሊዝኛ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። መከራዬ የጀመረው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ስፓኒሽ የሚችሉት የጋብቻ ወረቀትና የንግድ ውል ነው የለመዱት፤ ሥነ ልቦና ስላቸው ሸሹ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ካምፓስ ሄጄ የድሮ አስተማሪዎቼን ጠየቅሁ፤ ሳቁብኝ። የስልኬ ተርጓሚ በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ቢሳሳትስ በምን አውቃለሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። እናትየዋ ደግሞ በየገበያው ቀን መጥታ ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። መልሱ ሄደ ወይ ትላለች፤ አልሄደም እላታለሁ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ትሄዳለች። አንጀቴን በላችው።

በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው የነገረኝ። በየቀኑ በደጁ የማልፈው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ለካ ኩባ ነው ያደገው! አባቱ በደርግ ጊዜ ጦር ሜዳ ሲሞት በልጅነቱ ተልኮ፣ እዚያው ሥነ ልቦና ተምሮ ተመልሷል። ሥራ ሲያጣ ጎማና ዘይት መሸጥ ጀመረ።

ስድስቱን ገጽ ቆሞ አነበበና መለሰልኝ።

«ልተረጉመው እችላለሁ። ግን ልጅቷ የምትፈልገው ነገር የለበትም።»

ተናደድኩ። ስንት የለፋሁበትን! ምን ጎደለው አልኩት።

«ልጅቷን የወሰደው መኪና ከሄደ በኋላ እናትየዋ ምን አደረገች? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው እናቴ የሞተችብኝ።»

አፈርኩ። የባሏን ሞት፣ በሽታውን፣ ድህነቱን አንድም ሳላስቀር ጽፌያለሁ። ሁሉም ግን ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የሆነ ነው።

በገበያው ቀን እናትየዋን ሱቁ ውስጥ አስቀመጥናትና ራሱ ጠየቃት። እሷም ነገረችው፦ ልጇ በሄደች ማግስት በጓሮዋ አንድ የእንሰት ችግኝ ተከለች፤ የልጄ ነው አለች። እንሰቱ ደረሰ። ቤቷ ቆጮ ጠፍቶ ከሰው ስትበደር እንኳ አልነቀለችውም። ጎረቤት መጀመሪያ እንድትነቅለው ለመናት፣ ኋላም ሰደባት። በመጨረሻ አበበ። እንሰት ካበበ የሚበላ ነገር አይተርፈውም፤ ደርቆ ይሞታል።

«እሷ ሳትመጣ ማን ይብላው?» አለች።

ባለሱቁ ምንም ሳይጨምር በስፓኒሽ ጻፈው። የልጅቷ ሐኪም ይህ ይገባታል ወይ አልኩት። ሐኪሟ ባይገባትም ልጅቷ ይገባታል፤ የእንሴኖ ልጅ ናት አለኝ።

ከወር በኋላ ልጅቷ ራሷ መለሰች። ሱቁ ውስጥ ሦስታችንም ቆመን ባለሱቁ እየተረጎመ አነበበልን።

«አንቺ እየተራብሽ ለምን ያብባል? ሌላ ትከዪ፤ ሲደርስ ግን ነቅለሽ ብዪ።»

እናትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅ። ስትገልጠው እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ለባለሱቁ ሰጠችው።

«እሷ ከበላች እኔም እበላለሁ ብለው ይጻፉላት።»