ትንሿ ፋስ አትወጣም

ጨዋታ መሥሪያ ቤቱ አዲስ የገቡት ልጆች «እማማ፣ የፋሷን ነገር ንገሪን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ልንገራችሁና ሠዓሊዋ ማስተዋል ትጻፈው።

ድሮ ሥራዬ ከገበያ ገበያ እየዞርሁ ለመጥረቢያ ዛቢያ መግጠም ነበር። ማስተዋል አምባ ጊዮርጊስ ገበያ አገኘችኝና «ለኮምፒውተር ጨዋታ መጥረቢያ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» ብላ ፒያሳ ቢሯቸው አመጣችኝ። ጉልበቴ አቀበት እምቢ ብሎኝ ስለነበር ሥራውን አጥብቄ ፈልጌዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ጆንያዬን ፈትሾ ደነገጠ።

«እማማ፣ ቢሮ በመጥረቢያ አይገባም!»

«ምነው? ሐኪም ያለ መርፌ ይገባል?»

አሳለፈኝ።

ሥራዬ ጭራቅ የሚዋጉት ጀግኖች የሚይዙትን መጥረቢያ አይቶ ክብደቱንና ፍጥነቱን መናገር ነበር። አለቃው ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት አሳየኝ። አንዱ ሁለት አፍ ያለው፣ በር የሚያህል። አንዱ ጀርባው የወፈረ ግንድ መፍለጫ። ሦስተኛዋ ማስተዋል ገበያ ላይ ከእጄ አይታ የሣለቻት፣ አፏ የሳሳ የቅርንጫፍ መመልመያ ፋስ።

«ይህቺ ትውጣ» አለ። «አታስፈራም።»

«ለመዋጋት የምትሆነው እሷ ናት።»

«እማማ፣ ይህ እኮ ተረት ነው። እዚህ ጀግና ተራራ ይሸከማል።»

«ተራራ ከተሸከመ መጥረቢያ ምን ያደርግለታል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አለቃው ፊቱ ጠቆረ። ግቢ ወረድን፤ ከጆንያዬ መፍለጫ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ፋሷን እኔ ያዝሁ።

«ያን ግንድ ጭራቅ ነው በለው» አልሁት።

ሸጋ አድርጎ መታው። አፉ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ። በእግሩ ረግጦ ሲነቀንቅ በፋሷ ዛቢያ ትከሻውን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግሁት።

«ሞተሃል። ሦስቴ።»

«ጨዋታው ውስጥ አይቀረቀርም!»

«እንግዲያው እኔን ምን ልሥራ ብለህ አመጣኸኝ? እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ።»

ጆንያዬን ተሸከምሁ። ጉልበቴ እየቆረጠመኝ በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«እሺ፣ ትኑር! ግን የመሣሪያው ዝርዝር መጨረሻ ላይ፣ ማንም በማያያት ቦታ።»

«ቦታ አልጠየቅሁህም» ብዬ ተመለስሁ።

ብዙ ዓመት እዚያው ሠራሁ። ከትልልቆቹ ፍጥነት ባስቀነስሁ፣ ለፋሷ ባስጨመርሁ ቁጥር አለቃው ሲነጫነጭ ኖረ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው፤ ሲወርድማ ሁሉም መጥረቢያ ይመታል። ቶሎ መነሣቱን እዩ።

ሥራ ከተውሁ በኋላ ነው ማስተዋል የነገረችኝ። አለቃው ስሙን ለውጦ ያንን ጨዋታ ይጫወት ኖሯል፤ ከትንሿ ፋስ በቀር ሌላ መሣሪያ አንሥቶ አያውቅም።