ልጄን ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩት

ዛሬ ጠዋት ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝና «ልጅዎን ለፖሊስ ያስረከቡት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፤ እናቱ ነኝ» አልኩ።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ታክሲ ከምትጠብቅ ሴት እጅ ስልክ ነጥቆ ሮጠ። ስልኩን ፍራሹ ሥር ሳገኘው እጁን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ።

የሰፈሬ ሰው እንደሆነ ከዳኛዋ ቀድሞ ፈርዶብኛል። «ምን ዓይነት እናት ናት?» ያላለ የለም።

ዳኛዋ ቀጠሉ፤ «ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚውል ያውቃሉ?»

ቀኑን ሙሉ መካኒሳ ባለው ሱቄ ውስጥ ነኝ። «አላውቅም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ።

ልጄ ብድግ ብሎ «እሷ አላጠፋችም፣ እኔ ነኝ!» ብሎ አለቀሰ። ዞሮም ከኋላ የተቀመጠችውን የስልኩን ባለቤት ይቅርታ ጠየቃት።

«እናትህን ስማ» አለችው ሴትየዋ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ፍርድ ቤቱ በእኔ ኃላፊነት፣ በክትትል እንዲቆይ ወሰነ። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ ይመጣል፤ ጓደኞቹንም አንድ በአንድ እተዋወቃለሁ።

ነገም ቢያጠፋ እጁን ይዤ ጣቢያ ነው የምወስደው።

ልጃችሁ አጥፍቶ እጁን ይዛችሁ ጥፋቱን የተጋፈጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንዴት እንዳለፋችሁት ንገሩኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።