በሰማያዊ ክር የተሰፉት ጆንያዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለፓስተሬም፣ ለእናቴም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆን?

የምሠራው በስደት አገር፣ ኮሜርስ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ካቻምና በበረዶው ጊዜ ከኬንያ የደረቀ የባሕር አረም መጣ። እዚያ የባሕር ዳር መንደር ሴቶች ውሃው ውስጥ ገመድ ላይ እያሰሩ ያበቅሉታል፤ አድርቀው ሸጠው ይኖሩበታል። የጆንያዎቹ አፍ በሰማያዊ የዓሣ መረብ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ማረከኝ። ጭነት የማነሳበትን ፎርክሊፍት አቁሜ፣ ጆንያዎቹ የተደረደሩበትን ፓሌት ደጅ እንደተውኩት፣ ስልኬ ላይ ግጥም ጀመርኩ። እየጻፍኩ ለዕረፍት ወጣሁ። ስመለስ ላያቸው ላይ የወረደው በረዶ ቀልጦ ጆንያዎቹ ውስጥ ገብቷል።

ሱፐርቫይዘሩ ሲጠይቀኝ «ሲመጣም እርጥብ ነበር» አልኩ። አመነኝ። ጭነቱ ተጣለ። ድርጅቱ ከዚያ መንደር መግዛት ማቆሙንም ሰማሁ፤ ሰምቼ ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።

ባለፈው ወር ጎረቤት ከተማ ኦሮራ፣ ቸርቻችን ውስጥ ያንን ግጥም አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። ሲያልቅ እትዬ አልማዝ ጠሩኝ፤ እዚህ ሳይመጡ ኬንያ፣ ሞምባሳ አካባቢ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

«አንተ ገጣሚ፣ ና እስቲ። ሰማያዊ ክሩን የት አየኸው?»

«ሥራ ቦታ።»

«የሰፋችውን አውቃታለሁ፤ በዚያ ክር የምትሰፋው ዛይናብ ጎረቤቴ ነበረች።» ስልካቸውን አሳዩኝ። አንዲት ሴት ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ትስቃለች። «አሁንማ ከሴቶቹ ማኅበር አስወጥተዋታል። ሳይደርቅ ሰፍተሽ ገዢ አሳጣሽን ብለው። ደርቆ ነበር ብላ ትምላለች፣ ማን ሰምቷት።»

ስልኩን መለስኩላቸው።

«ግጥምህን በስዋሂሊ ልላክላት? አንድ ሰው እንኳ አመሰገነኝ ብላ ትጽናና።»

«ይላኩላት» አልኩ።

ይህን ያለው የማን አፍ ነው? የእኔ። ያን ጊዜ ለሱፐርቫይዘሩ ስዋሽ እንኳ ፈርቼ ነው፤ አሁንስ ምን ልበል?

በማግስቱ እትዬ አልማዝ ደወሉ። «አልቅሳ ነው የሰማችው፣ ልጄ። ክሩን ካየ ጆንያውንም ነክቷል፣ ደርቆ እንደነበር ይመስክርልኝ ትላለች።»

ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እኔን ምስክር አለች። እኔን።

እስከዚህ የጻፍኩትን ዛሬ ጠዋት ለእትዬ አልማዝ ልኬዋለሁ፣ ለዛይናብ እንዲያነቡላት። አሁን እውነቱን ልናገር የሱፐርቫይዘሩ ቢሮ በር ላይ ነኝ። ሥራዬን ማጣቴ ምንም አያካክስም፤ ይቅርታ ለመለመንም ገና አፍ የለኝም። የተጠየቅኩትን ብቻ ልመልስ።

እጄን ጆንያው ላይ አድርጌ ነበር። ኮሽ ኮሽ ይል ነበር። ዛይናብ፣ ደርቆ ነበር።