በፕላስተር የሸፈንኳት ቀይ መብራት

በጃንሆይ ጊዜ እነዳት የነበረችው ፒክአፕ የዘይት መብራቷ ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ቀይ ትበራና ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ የማሳፍረው ሰው ግን ገና ሲያያት «እሳት!» ብሎ ይወርድብኛል። ቢመረኝ በቁስል ፕላስተር ሸፈንኳት። እኔ ደደብ!

ምጥ የጠናባትን ሚስቴን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ እመንገድ ላይ ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ፕላስተሩን ብልጠው መብራቷ ደም መስላ ትበራለች። ወዲያው መኪናዋ ቀጥ አለች። በዚያ ሁሉ ሜዳ አንድ ሰው አይታይም።

ሚስቴን ያቀፏት እናቷ መብራቷን አይተው፣ «ይቺ ደግሞ ምን እያለች ነው?» አሉኝ።

«ዘይት የለም፣ ቁም እያለች ነው።»

«ከመቼ ጀምራ?»

ሚስቴ ጮኸች። እኔ ከጣቴ አልላቀቅ ካለው ፕላስተር ጋር እታገላለሁ።